ስፖርና የአንለይ በሬ

ባለፈው ዓመት ቢቸና ያለውን የአባቴን ቤት ቆርቆሮ ልናስቀይር አሮጌውን ስናስነሳ፣ ከማገሩ ሥር ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ፣ ዝገት የበላው ሽቦ ተገኘ። አናጢው ከላይ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ይሄ የመብራት ነው እንዴ? ልቁረጠው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የመብራት አይደለም፣ የቋንጣ ነው። ቁረጠው» አልኩት።

ተቆርጦ እግሬ ሥር ሲወድቅ ወደ ኋላ ዘለልኩ። አናጢው ሳቀብኝ፤ እባብ የመሰለኝ መስሎት ነው። ይሳቅ። እኔ ከዚያ ሽቦ ሥር ተኝቼ የአንድ ሁዳዴ ማብቂያን ስንቀጠቀጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እባብማ ቢሆን በዱላ ይመቱታል።

ልጅ ሳለሁ ፈሪ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋን የምትፈራ» እያለች ለመጣ ለሄደው ታወራብኝ ነበር። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የወፍጮ ቤቱን ቀበቶ እፈራለሁ፣ የሚያጓራ ሰካራም እፈራለሁ። ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የፈራሁት ግን ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነበር፤ አይታይም፣ አይሰማም፣ ስም ብቻ ነው ያለው። ስሙን ያመጣልን ደግሞ በር ላይ ያለችውን ክፍላችንን የተከራየው የሳይንስ መምህራችን ጀማል ነው።

ጀማል የሞጣ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ ቆዳ የሚነግዱ እስላሞች ናቸው። ትምህርት ቤት መምህር እለዋለሁ፣ ቤት ስንገባ ጋሼ ጀማል ይሆናል። እናቴ ወንድ ላጤ ራሱ ሲቀቅል ማየት ስለማትወድ ሽሮውንም ምስሩንም ትልክለታለች። በእኛ ፆም ወራት ጭራሽ ገበታችን አንድ ነው፤ ሥጋ የለ፣ የማን ካራ ነካው የለ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። የሚለየን ፋሲካ ነው። አባዬ «ጀማል፣ ፋሲካ ሊመጣ ነው፤ ልትሸሸን ነው» እያለ ይቀልድበታል። እሱም «ጋሼ ይርዳው፣ እስከዚያ ልጥገብ» ይላል።

አባዬ ገበሬ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በካራው ነበር። በግም ሆነ በሬ የሚባርክልን እሱ ነው፤ ታረደ ከማለት ተባረከ ማለት የሚወድ ሰፈር ነው ሰፈራችን። ከብት ገደል ሲገባ፣ እግሩ ሲሰበር፣ ሳይታሰብ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ይርዳው ነው። ካራው ሳይደርስ ነፍሱ ከወጣች ከብቱ በክት ነው፤ በክት ደግሞ ክርስቲያን አይቀምስም፣ የጅብ ነው። አባዬ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። «ይርዳው ከነፍስ ይቀድማል» ይሉታል። ይህን ሲሉት ደስታውን ለመደበቅ ጢሙን ያሻል።

ያን ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ ጀማል በጠርሙስ የተከደነ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይዞ ክፍል ገባ። ከሳምንት በፊት ውሃ አርከፍክፎ የከደነው ነው። ዳቦው ላይ ግራጫና አረንጓዴ ጠጉር በቅሏል። ክዳኑን ሲከፍተው የእርጥብ ጎተራ ሽታ መጣ። ከፊት የተቀመጥነው አፍንጫችንን ያዝን።

«ይህን ብናኝ አያችሁ? ስፖር ይባላል» ብሎ በሰሌዳው ላይ ጻፈው። «ቃሉ የግሪክ ነው። እነሱ ስፖራ ሲሉ መዝራት ማለታቸው ነው፤ ዘሩንም በዚያው ይጠሩታል። ይህን ነገር በአጉሊ መነጽር ያዩት ሊቃውንት ስም ቢቸግራቸው ከገበሬ ቤት ተዋሱ። ግን ስሙ አያሳስታችሁ። የጤፍ ፍሬ በሆዷ ጽንስ አላት፣ የሚያበላትን ስንቅም ይዛለች። ስፖር ይህ የለውም። የዘር ስም ይዟል እንጂ ዘር አይደለም።»

ከዚያ ወደ ባክቴሪያ ተሻገረ። አንዳንዶቹ ስፖር ይሠራሉ አለ፤ የእነሱ ደግሞ ለመባዛት ሳይሆን ክፉ ቀን ለማሳለፍ ነው። ድርቅም ሙቀትም ሲመጣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው ይተኛሉ። አፈር ውስጥ የቀበራቸው ሰው ሞቶ፣ ልጁም አርጅቶ፣ እነሱ ገና ይጠብቃሉ። «ከብትም ሰውም የሚገድለው የአባሰንጋ እንዲህ ነው» አለ።

እጄን አወጣሁ። «ማን ነው የሚዘራቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። ጀማል አልሳቀም። «ማንም አስቦ አይዘራቸውም፣ ስመኝ። ነፋስ ይዘራቸዋል፣ ጎርፍ ይዘራቸዋል፣ ሰውም ሳያውቅ በእጁ ይዘራቸዋል።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ሁለት ነገር ብቻ ይዤ ወጣሁ። አንደኛ ዘር ነው፤ ሁለተኛ ይጠብቃል። «ዘር አይደለም» ያለውን አልሰማሁም። ዘር የሚባል ነገር ደግሞ ውሃ ካገኘ እንደሚበቅል ለመማር የቢቸና ልጅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ወደ ቤት ስሄድ እግሬን የማሳርፍበትን አፈር እየመረጥኩ ነበር የምራመደው።

ከደብረ ዘይት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። መስኩ ጫፍ ላይ የጎርፍ ቦይ ሲቆፈር ከርሞ ስለነበር የወጣው አፈር ላይ ለምለም ሳር በቀለ። ከብቱም ተሻማበት። አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የጎረቤታችን የአንለይ ሚስት እሪታዋን አቀለጠችው። በሬያቸው ቆሞ ሲግጥ ድንገት ወድቋል።

አባዬ ካራውን ከሰገባው እያወጣ ሮጠ። እኔም ከኋላው። ፈሪ ነበርኩ ማለት የማላይ ነበርኩ ማለት አይደለም፤ ፈሪ ይበልጥ ያያል። በሬው በጎኑ ተኝቶ ሆዱ ተነፍቷል። አንለይ ቀንዱን ይዞ አንገቱን ወደ ላይ ቀልሶታል፤ ሚስቱ ሰው ልትጠራ ወደ ሰፈር ሮጣለች። በሬው ዓይኑን ወደ እኔ አዙሮ አርገበገበው፤ ጆሮውን አንድ ጊዜ አንቀሳቀሰ። አባዬ በስመ አብ ብሎ አሳረፈበት። ደሙ ጥቁር ነበር።

«ደረስኩ!» አለ አባዬ እያለከለከ።

«ተመስገን! ኑርልኝ ወንድሜ» ብሎ አንለይ ትከሻውን ሳመው።

ሰዉ ደርሶ ሲከበን አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ደሙን ነካ ነካ እያደረጉ፣ «አባሰንጋ እንዳይሆን ብቻ። ደሙ አልረጋም» አሉ።

«ኧረ አባቴ፣ የለምለም ሳር ነው የነፋው። ሆዱን አያዩትም?» አሏቸው። ሁሉም እንዲሆን የሚፈልገው ይህ ነበር። አንለይ የነበረው ጥንድ በሬ ነው፤ የቀረው አንዱ ደግሞ ብቻውን ሞፈር አይጎትትም። ስለዚህ በሰፈራችን ደንብ ሥጋውን በቅርጫ ተካፈልነው፤ በሬ የወደቀበት ሰው ሌላ በሬ እንዲገዛ ጎረቤት ሥጋውን ይገዛዋል፣ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም። አባዬ ቆዳውን ሲገፍ ካራው አድጦት የግራ እጁን ጀርባ ጫረው። ደሙን በሱሪው ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋ የሚቀምስ የለም። ድርሻችን ተዘለዘለ፣ እኔም በጨውና በበርበሬ አሸሁት። አባዬ ከአልጋዬ በላይ ያንን ሽቦ ወጥሮ ለፋሲካ ሰቀለው። በየቤቱ እንዲሁ ተሰቀለ።

ጀማል ቤተሰቡን ጠይቆ ከሞጣ የተመለሰ ዕለት ከእኛ ጋር ለራት ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሽቦውን አየ። «ምን ተገኘ?» አለ።

አባዬ ሩጫውንም፣ ካራውንም፣ የበሬውንም ትንፋሽ አንድ ሳያስቀር ተረከለት። እናቴም «ደሙ ብቻ ነው እንቢ ብሎ ያልረጋው» ብላ ጨመረችበት። ጀማል የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ተነስቶ አንለይ ደጅ የተወጠረውን ቆዳ አይቶ መጣ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ጋሼ ይርዳው፣ ይህን ሥጋ ባትበሉት ይሻላል» አለ።

አባዬ ፈገግ አለ። «ጀማል፣ አንተ አትበላውም፤ እኛም ብላ ብለንህ አናውቅም። አሁንማ ፆም ነው፣ ማን ነካው?»

«የእናንተ ስለሆነ አይደለም ያልኩት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«አባሰንጋ መስሎኝ ነው። ስፖሩ በጨው አይሞትም፣ በመድረቅም...»

«በል ሽሮህ ቀዘቀዘ» አለው አባዬ፤ እንደ አባት ነው የተናገረው። ጀማል ጆሮው ድረስ ቀላ። የሰው ቤት ሥጋ የተጸየፈ መስሎ መታየት ለእንግዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። እኔ የገባኝ አንድ ቃል ነው። ያ ቃል ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሲሰቀል ቀይ የነበረው ዝልዝል ጠቁሮ፣ ተጠምዞ፣ ረቂቅ ንፋስ በማገሩ ሲገባ እርስ በርሱ ሲንቀጫቀጭ እሰማዋለሁ። ጣራችን አንድ ቦታ ያፈስ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠብታው ቋንጣው ላይ እንዳይወርድ ባልዲ ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ውሃ ካገኘ ይበቅላል ብዬ። ሲበቅል ምን እንደሚመስል አላውቅም። እጄም አስፈራኝ፤ ጨውን ያሸሁበት እጅ ነውና ጥፍሬ ውስጥ ሳይገባ አይቀርም አልኩ። መታጠብ ተውኩ። ውሃ ስጠጣ ጉሮሮዬን ለማርጠብ ያህል ብቻ ሆነ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እጅሽ የእንጨት ልጣጭ መሰለ» ብላ ጎትታ ጋን አጠገብ ወስዳ ስትለቀልቀኝ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩ። ቡዳ በላት ተባለ። ጤናዳም አሸተቱኝ።

የበቀለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አባዬ እጅ ላይ፣ ካራው ከጫረው ዘንድ፣ መጀመሪያ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ወጣ። ያሳክከኛል አለ። ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ መሐሉ ላይ የኑግ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ተቀመጠች። አደገች። ዙሪያዋ ያበጠው ክንዱን ይዞ ወደ ክርኑ ወጣ። እናቴ ቡግንጅ ነው ብላ ተልባ ለጠፈችበት። ተልባው ሲነሳ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጥቁሯ ብሳ፣ ሰፍታ፣ ደርቃ አየኋት። ዘር ነበረች። አባቴ ላይ ተዘርታ፣ ሥር ሰዳ።

«በቅሏል! በቅሏል!» እያልኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ጀማል ከክፍሉ ወጥቶ ያዘኝ። ይዞኝ ገብቶ የአባዬን እጅ አየ።

«ያምዎታል?» አለው።

«ኧረ ምንም አያመኝም። ማበጡ ብቻ ነው።»

«አለማመሙ ነው ያስፈራኝ። አጎቴ አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ ወጥቶበት ነበር፣ ከቆዳ ነው የያዘው። በመርፌ ዳነ። ዘግይተው ያመጡት የቆዳ መጋዘኑ ሠራተኛ ግን አልዳነም።»

እናቴ ተልባውን ደፋችው። የቢቸና ጤና ጣቢያ አይቶ ወደ ሞጣ ሐኪም ቤት ጻፈለት። በሆሣዕና ማግስት ጀማል ይዞት ሄደ፤ ቤተሰቦቹ ቤት ሊያሳርፈው። አውቶቡሱ ሲነሳ አባዬ በመስኮት ደህነኛውን እጁን አወዛወዘልኝ። ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ደም ለብሷል። ላላየው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ ሰላምታም የለም። ምክንያቱን በየዓመቱ አውቀዋለሁ። ያን ዓመት ግን ጎረቤቶቻችን በደጃችን ዝም ብለው ሲያልፉ ያወቁት ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ፋሲካ ፋሲካ ይላሉ። የአንለይ ትንሿ ልጅ ከእነሱ ቤት ከተሰቀለው ላይ የቱ የእሷ እንደሆነ መርጣ ጨርሳለች። እኔ ፋሲካ እንዳይመጣ ተመኘሁ። የቢቸና ልጅ ሆኖ ፋሲካ እንዳይመጣ የተመኘ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ቤት ለቤት ስንት ልጅ እንዳለ አስባለሁ፤ በዶሮ ጩኸት ተነስተው፣ ነጭ ለብሰው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ይታየኛል። ያቆማቸው ፆሙ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ እኛ አንብላው» አልኳት።

«አባትሽ በደህና ይግባልኝ እንጂ ሥጋ በዓይኔም አይዞር» አለች። ደግሞም፣ «ለሰዎቹ ግን ማን ይነግራቸዋል? ለአንለይስ ማን ይነግረዋል?» አለች።

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የበራችን መቀርቀሪያ ተንኳኳ። አባዬ ነው። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ የመድኃኒት ሽታ ይሸታል፤ ግን በእግሩ ነው የቆመው። እላዩ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ጀማል ከኋላው ቦርሳውን ይዞ ቆሟል።

አባዬ ሳይቀመጥ ወደ ሽቦው ሄደ። በአንድ እጁ ቋንጣውን እያረገፈ ጆንያ ውስጥ ከተተው። «ሐኪሙ አባሰንጋ ነው አለ። ለእንስሳት ሐኪሞች እናሳውቃለን ብሏል፤ ግን በዓል ነው፣ እስኪደርሱ ሰዉ በልቶ ይጨርሳል። የት ናቸው?» አላት እናቴን።

«አንለይ ቤት። ጉልባን ላይ።»

ጀማል አብሬ ልሂድ አለ። አባዬ ትከሻውን ያዘው። «አንተ ከተናገርክ ሥጋችንን ተጸየፈ ይሉሃል። እኔ ልናገር። ያልከኝን ብቻ አንዴ ድገምልኝ።» ጀማል ደገመለት፦ አይቀበር፣ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ይቃጠል፣ አመድ እስኪሆን።

አንለይ ግቢ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ስንዴና ባቄላ የተቀላቀለበት ጉልባን በየሰፌዱ ቀርቧል። አባዬን ሲያዩ ሁሉም ተነሱ፣ ባይስሙትም እግዜር ይማርህ አሉት። ሳይቀመጥ ነገራቸው። የታመመው ከበሬው ነው፤ ሥጋው አይበላ፤ ሐኪም ብሏል።

ሁሉም ባንዴ ተናገሩ። ጨው ነክቶታል አለች አንዷ። ደርቋል አለ ሌላው። እሳትም ያየዋል። አባቶቻችን ስንቱን በልተው አልሞቱም። አባዬ ላብ እያጠመቀው የጀማልን ቃል አወጣ። «መድረቅ አይገድለውም። ስፖር ይሉታል፤ ዘር እንደማለት ነው፤ ይጠብቃል...»

ደሙን በምርኩዝ የነካኩት ሽማግሌ ነበሩ የመለሱለት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ገበሬ ናቸው። «ዘር ካልከን መልካም። ዘር እኛም እናውቃለን። የተቆላ ገብስ በቅሎ አይተህ ታውቃለህ ይርዳው?»

ሰዉ ሳቀ። አባዬ «ስሙ ነው እንጂ ዘር አይደለም» አለ፤ ግን ድምፁ ደክሞ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። እጃቸው ወደ ጉልባኑ ተመለሰ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አበቃ፣ ይበሉታል አልኩ።

አባዬ የሚያኝኩትን ልጆች አንድ በአንድ አያቸው። የአንለይ ትንሿ ልጅ ላይ ዓይኑ ቆየ።

«እንግዲያውስ እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «አልደረስኩም።»

የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ።

«በሬው ሞቶ ነው ካራዬ የደረሰው። ከነፍስ ይቀድማል እያላችሁ አልደረስኩም ማለት አፈርኩ። የተካፈላችሁት በክት ነው።»

እኔ አይቻለሁ። በሬው ዓይኑን ያርገበገበው ወደ እኔ ነው። አባቴ በሕማማት ሳምንት፣ በሰፈሩ ፊት፣ ዋሸ። ከእኔ ሌላ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቀንዱን የያዘው አንለይ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። «የለም፣ ሕያው ነበር» ካለ ሥጋው ይበላል፣ ሰዉም የሰጠውን መልስልን አይለውም፣ በሬውን ይተካል፣ የአባቴም ስም አይረክስም። ያለውን ሁሉ ከአፉ የምትወጣ አንዲት ቃል ታተርፍለት ነበር። እኔ ከንፈሩን አየሁ።

አንለይ የአባቴን ፋሻ አየ። ሚስቱን አየ። ከልጁ እጅ ላይ የባቄላ ልጣጭ አንስቶ መሬት ጣለ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ቀንዱን ስይዘው ቀዝቅዞ ነበር። ሁለታችንም ነን የደበቅናችሁ።»

ከዚያ የሆነውን ጩኸት አልናገርም። ሴቶቹ ምራቃቸውን ተፉ፣ ሽማግሌው «በፋሲካ በክት ልታበሉን!» ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ወጉ። ሰባራ ሰንጣራው እንኳ አባቴን ሰደበ። ግን ሁሉም ወደየቤታቸው ሮጠው ሥጋውን በጆንያ፣ በሰፌድ፣ በቅርጫት እያግበሰበሱ አምጥተው ወረወሩት፤ ለሐኪም ያልሰሙትን ለበክት ሰሙ። አባዬ ቆዳውንም አስጨመረ። የባሕር ዛፍ ክምር ተጨምሮበት ተቃጠለ። ሥጋው እየነደደ የጥብስ ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ከዘወረዳ ጀምሮ ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ፣ እየተጸየፈ፣ ምራቁን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። ስንት ቀን የፈራሁት ነገር አፌን ውሃ ሲያሞላው በራሴ አፈርኩ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አባዬ ከቆመበት ዙሪያ ቦታው ሰፋ። ከፊታችን አንዱ ጎረቤት ለሌላው፣ ድምፁንም ሳይቀንስ፣ «ለፋሲካ በጋችንን የሚባርክልን ሰው ከላይ ሰፈር ለምነናል» አለ። አባዬ ሰማ። ጢሙን አላሻም፤ ጋቢውን ብቻ አስተካከለ።

ሲመሽ ቄሱ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባ ጀርባውን እየነኩ ለሰው ሁሉ ስግደት አዘዙ። አባዬ ዝቅ ብሎ በጆሯቸው የነገራቸውን አልሰማሁም። ያዘዙለት ግን ከሁሉም በዛ። ሰዉ የታዘዘውን ሰግዶ ሲበተን እሱ በአንድ እጁ ተደግፎ ይወድቃል፣ በአንድ እጁ ተደግፎ ይነሳል። ፋሻው አፈር ለብሷል። ክንዱ ድጋሚ ሊያብጥ ነው፣ እንደገና ልናጣው ነው ብዬ ፈርቼ እናቴን ነጠላዋን ጎተትኳት። እሷም ልትከለክለው ደፍራ አልቀረበችም።

አንለይ ከወንዶቹ መሐል ወጥቶ መጣ። የራሱን ጨርሷል፣ ጉልበቱ አቧራ ነው። አጠገቡ ቆመና አባዬ ሊወድቅ ሲል ብብቱን ደግፎ አስቀመጠው።

«እጅህን አትጫነው፣ ይርዳው» አለው። «የቀረህን እኔ እሰግድልሃለሁ።»